የማኅበረሰብ ተራድኦ ሥራ እንዴት ይታቀዳል? እንዴትስ ይፈጸማል?

በጎጃም ከዝሆኔ በሽታ ጋር ከተደረገው ትግል የተወሰደ ትምህርት

መግቢያ



በየቁምስናው የሚገኙ የምእመናን ማኅበራት፣ የወጣቶችና የእናቶች ጉባኤያት፣ እንዲሁም ካቴኪስቶችና ደናግል «ለአካባቢያችን ሕዝብ አንድ ቁም ነገር እናድርግ» ብለው መነሣታቸው የተለመደና የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ በበጎ ሐሳብ የተጀመረ ሁሉ በበጎ ፍሬ አይፈጸምም። በእልልታ ተመርቆ እጀታው ሲሰበር የሚጠግነው ሰው ያጣ የውሃ ጕድጓድ፣ በአንድ ቀን ተከፋፍሎ በማግሥቱ የተረሳ የልብስ እርዳታ፣ ከመዝገብ ያላለፈ ሥልጠና ያላየ አገልጋይ ጥቂት ነው። በእነዚህ ሁሉ ፍቅር አልጐደለም፤ የጐደለው ዕቅድ ነበር።

ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ግንብ ሊሠራ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚያሰላ፣ ይህን ሳያደርግ ቢጀምር ግን የተመልካች መሳቂያ እንደሚሆን በምሳሌ አስተምሮናል (ሉቃ. 14፡28-30)። ምሳሌው በመጀመሪያ ስለ ደቀ መዝሙርነት የተነገረ ነው፤ ሆኖም ለሌላው ሰው ሸክም ትከሻውን ለሚሰጥ ሁሉ ይጠቅማል። ባልታሰበበት ሥራ ከሠሪው ይልቅ የሚጐዳው ተስፋ የተሰጠው ድኻ ነውና።

ስለዚህ በዚህ ትምህርት አንድ የማኅበረሰብ ተራድኦ ሥራ ከመነሻው እስከ መድረሻው በምን ሥርዓት እንደሚታቀድና እንደሚፈጸም እንመለከታለን። ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር ከመራዊ እስከ ፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬ እስከ ደምበጫ በሕዝቡ ዘንድ የሚታወቀውን የዝሆኔ በሽታ እንደ ምሳሌ እንይዛለን። ይህን ምሳሌ የመረጥነው በሦስት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በሽታው የራሳችን አካባቢ ችግር ነው። ሁለተኛ፣ በጎጃም ምድር በጥንቃቄ ተሠርቶበት ውጤቱ ተመዝኖአል። ሦስተኛ፣ የሰውን ክብር በቀጥታ የሚነካ ነው።

1. የምሳሌያችን በሽታ ምንድን ነው?

ዝሆኔ የምንለው የእግር እብጠት ከአንድ በላይ መነሻ አለው። በቆላማ ቦታዎች በወባ ትንኝ አይነት ነፍሳት በሚተላለፍ ትል የሚመጣ ዝሆኔ አለ። በጎጃም ደጋና ወይና ደጋ በብዛት የሚታየው ግን ትል የሌለበት፣ ከአፈር የሚነሣ ነው። በሳይንሳዊ ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ስሙን ከግሪክኛ «እግር» እና «አቧራ» ከሚሉት ቃላት ያወጣውና በሽታው ከቀይ አፈር ጋር ያለውን ግንኙነት በጥናት ያስረዳው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ የሠራው እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው።

በሽታው የሚገኘው ከባሕር ወለል ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባላቸው፣ ዝናብ በሚበዛባቸውና አፈራቸው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ ሸክላ በተሸፈነ አገሮች ነው። በባዶ እግር ለብዙ ዓመታት የሚሄድና የሚያርስ ሰው እጅግ የደቀቁ የአፈር ቅንጣቶች በእግሩ ቆዳ በኩል ይገቡበታል። ቅንጣቶቹም የሰውነትን ፈሳሽ የሚመልሱትን ቀጫጭን ቧንቧዎች እያስቆጡ ይዘጋሉ፤ ፈሳሹ በእግር ውስጥ ይከማቻል፤ እግሩም ቀስ በቀስ ያብጣል፤ ቆዳውም ይወፍራል፤ ይሰነጣጠቃል። በተሰነጠቀው ቆዳ ጀርም ሲገባ ትኩሳትና ብርቱ ሕመም የሚያመጣ ግርሻ ይነሣል፤ ሕመምተኛውን ለቀናት ያስተኛዋል።

በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከልጅነት ጀምሮ ጫማ በማድረግና እግርን በመታጠብ ሙሉ በሙሉ መከላከል ይቻላል። በሰሜን አፍሪካ አገሮች ሕዝቡ ጫማ ማድረግን ሲለምድ ጠፍቷል። በኢትዮጵያ ግን 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሚኖሩበት በጥናት ተገምቷል። የዓለም የጤና ድርጅት ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች መካከል የቈጠረው እ.ኤ.አ. በ2011 ብቻ ነው።

2. የመጀመሪያው እርምጃ፤ ማየት

ቤልጅጋዊው ካህን፣ በኋላም ካርዲናል የሆኑት ዮሴፍ ካርዳይን ወጣት ሠራተኞችን ሲያስተምሩ «ማየት፣ ማመዛዘን፣ ማድረግ» የሚል ሦስት ደረጃ ያለው መንገድ ይከተሉ ነበር። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ 23ኛ እ.ኤ.አ. በ1961 ባወጡት «እናትና መምህርት» በተሰኘው ሐዋርያዊ መልእክታቸው ይህን መንገድ ለቤተ ክርስቲያን ማኅበራዊ ትምህርት ተግባር መርጠውታል። እኛም ይህንኑ ቅደም ተከተል እንከተል።

ማየት ማለት ከመናገር በፊት መመርመር ነው። ነህምያ ወደ ኢየሩሳሌም በደረሰ ጊዜ ለማንም ምንም ሳይናገር በሌሊት ተነሥቶ የፈረሰውን ቅጥር ዞሮ ተመልክቷል (ነህ. 2፡11-16)። ከዚህ በኋላ ነበር ሕዝቡን ለሥራ የጠራው።

በእኛም አካባቢ እንዲሁ ተደርጓል። በምሥራቅ ጎጃም ደብረ ኤልያስና በምዕራብ ጎጃም ደምበጫ ወረዳዎች ቤት ለቤት ተቈጥሮ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በላይ ከሆኑት ከ50,000 በላይ ነዋሪዎች መካከል 3.3 ከመቶ የሚሆኑት በዚህ በሽታ እንደተያዙ አሳይቷል። ይህም ማለት ከ30 ዐዋቂዎች አንዱ ነው። በጤና ጣቢያ መዝገብ ብቻ የሚሠራ ሰው ይህን ቍጥር ከቶ አያገኘውም ነበር፤ ምክንያቱም ዝሆኔ ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ ወደ ጤና ጣቢያ አይመጣም። መንገዱ ይርቀዋል፣ ሰው ያየኛል ብሎ ያፍራል፣ መድኃኒት አለው ብሎም አያምንም።

ከዚህ የምንማረው ዋና ነገር፣ እጅግ የተቸገረው ሰው በስብሰባ ላይ የማይገኝ መሆኑን ነው። «የሚቸግራችሁ ምንድን ነው?» ብለን ከቅዳሴ በኋላ በግቢው የቀረውን ሰው ብንጠይቅ የሚመልስልን መምጣት የቻለው ነው። በሐዋርያት ዘመን እንኳ በዕለታዊው እደላ የተረሱ መበለቶች ነበሩ፤ ጕድለቱም የታወቀው ቅሬታው ሲሰማና ሲመረመር ነው (ሐዋ. 6፡1-6)። ስለዚህ አጥኚዎች ቤት ለቤት ይሂዱ፤ በዓይን ያልታየውንም ይጠይቁ። ከእነዚህ ጥያቄዎች ቢጀምሩ ይጠቅማል፦

ሀ) ችግሩ ስንት ሰው ይዟል? ወንድ ስንት? ሴት ስንት? በየትኛው ጎጥ?

ለ) ሕዝቡ የችግሩ መነሻ ምንድን ነው ይላል?

ሐ) ሰዎች እስከ ዛሬ ችግሩን ለመቋቋም ምን ሲያደርጉ ኖሩ?

መ) በአካባቢው ምን አቅም አለ? ጤና ኬላ፣ ትምህርት ቤት፣ እድር፣ ሰንበቴ፣ ጫማ ሰፊ፣ ምንጭ?

ሠ) በዚሁ ችግር ላይ የሚሠራ ሌላ አካል አለ?

የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ለምሳሌ በምሥራቅና ምዕራብ ጎጃም ዓለም አቀፍ የኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች የበጎ አድራጎት ድርጅት በዝሆኔ ላይ ሲሠራ ቈይቷል። በወላይታም እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ሕመምተኞች ራሳቸው ረዳትና ጫማ ሰፊ እየሆኑ የሚያገለግሉበት ሥራ ተከናውኗል። ሌላው የተማረውን ሳይጠይቅ ከዜሮ የሚጀምር ጊዜንም ገንዘብንም ያባክናል።

3. ሁለተኛው እርምጃ፤ ማመዛዘን

የተሰበሰበው መረጃ ሲቀርብ ማኅበሩ ተቀምጦ «ለምን ሆነ?» ብሎ ይጠይቅ። ለተገኘውም መልስ እንደገና «ለምን?» ይበል። ሰውየው ለምን ታመመ? በባዶ እግሩ ስለሚሄድ። ለምን በባዶ እግሩ ይሄዳል? ጫማ ስለሌለው ብቻ ነውን? አይደለም፤ ኮንጎ ጫማ ያለውም ለገበያና ለቤተ ክርስቲያን አድርጎት፣ እርሻ ሲገባ ያወልቀዋል። ለምን ያወልቀዋል? በጭቃ ስለሚያንሸራትተው፣ ቶሎ ስለሚያልቅበት፣ አባቱም በባዶ እግሩ ሲያርስ ስላየ። እንግዲህ የአፈሩ ጕዳት የሚበረታው በእርሻ ላይ ሆኖ ሳለ ጫማው የሚደረገው በገበያ ከሆነ፣ ጫማ ማደል ብቻውን መድኃኒት አይሆንም ማለት ነው። ሦስት ጊዜ «ለምን» ብሎ የጠየቀ ማኅበር ከአንድ ትልቅ ኪሳራ ይድናል።

ማመዛዘን የሕዝቡንም እምነት ይመለከታል። በብዙ ቦታ ዝሆኔ እርግማን ነው፣ ወይም የሞተ እንስሳ ከመርገጥ የመጣ ነው፣ ወይም የዘር ነው ይባላል። አገልጋዩ ይህን ሁሉ በአንድ ቃል «ሐሰት ነው» ብሎ ቢጥለው ይሳሳታል። ምክንያቱም «የዘር ነው» የሚለው ንግግር ጥቂት እውነት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ በወላይታ የተካሄደ ጥናት፣ አንዳንድ ሰዎች በተፈጥሮአቸው ለዚህ አፈር ጕዳት ከሌሎች ይልቅ የተጋለጡ መሆናቸውን አረጋግጧል። ለዚህ ነው በአንድ መንደር በባዶ እግር ከሚሄዱት አንዱ ታሞ ሌላው የሚድነው፤ ለዚህም ነው በአንድ ቤተሰብ ሁለትና ሦስት ሰው የሚታመመው። ዳሩ ግን የተጋለጠ ሰው እንኳ እግሩን ከአፈር ከጠበቀ አይታመምም።

እንግዲህ ትክክለኛው ትምህርት እንዲህ ይሆናል፦ «በቤተሰባችሁ መደጋገሙን ማስተዋላችሁ ልክ ነው። ይሁን እንጂ ካለ አፈር ዘር ብቻውን አያሳምምም። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ጫማ ሊደረግላቸው የሚገባው የሕመምተኛው ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው።» የሕዝቡን አስተውሎት ያከበረ ትምህርት ይሰማል፤ የናቀ ግን በር ይዘጋበታል። ከዚህም በላይ ይህ እውነት በጋብቻ ምክንያት የሚደርሰውን ግፍ ያቀልላል። «ከዝሆኔ ቤት ልጅ አንወስድም» የሚለው ወላጅ፣ ጫማ ያደረገች ልጅ እንደማትታመም ሲያውቅ ሐሳቡን ሊለውጥ ይችላል።

ስለ ጠበልም እንዲሁ ነው። ሕመምተኛው ወደ ጠበል ቢሄድ አትሂድ ማለት የአገልጋዩ ሥራ አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ ሐኪምንና መድኃኒትን የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራል፤ ሕመምተኛው እንዲጸልይም፣ ለሐኪምም ቦታ እንዲሰጥ ይመክራል (ሲራክ 38፡1-15)። ጸሎትና ሳሙና አይጣሉም።

ከሁሉ በላይ የምናመዛዝነው በወንጌል ሚዛን ነው። ጌታችን በሕማማቱ ዋዜማ የደቀ መዛሙርቱን እግር አጠበ (ዮሐ. 13፡1-15)። ይህን በጸሎተ ሐሙስ በየዓመቱ እንፈጽማለን። እግሩን ለመግለጥ የሚያፍር፣ ሽታው ሰው ያስቸግራል ብሎ ከቅዳሴ የሚቀር ወንድም በአጥቢያችን ካለ፣ ሥርዓቱ ከእኛ የሚጠይቀው ነገር ገና አልተፈጸመም ማለት ነው። ለዚህ በሽታ የሚያስፈልገው ሕክምና ደግሞ የእግር መታጠብ መሆኑ ለክርስቲያን ሁሉ የሚናገረው አለው።

4. ዓላማን መወሰንና ወጪን ማስላት

ዓላማ ሲጻፍ ግልጽ፣ የሚለካና በጊዜ የተወሰነ መሆን አለበት። «የዝሆኔ ሕሙማንን ኑሮ ማሻሻል» ምኞት ነው፤ ዓላማ አይባልም። «በ12 ወር ውስጥ ከተመዘገቡት 100 ሕሙማን 80ው እግራቸውን በየቀኑ የሚታጠቡ ይሆናሉ፤ የሕሙማኑ ልጆች በሙሉ ጫማ አድርገው ትምህርት ቤት ይሄዳሉ» ቢባል ግን በዓመቱ መጨረሻ መፈጸም አለመፈጸሙን ማንም ሊያረጋግጥ ይችላል።

ዓላማው ከእውነትም ማለፍ የለበትም። በዚህ ረገድ በምሥራቅ ጎጃም አነደድ ወረዳ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ የታተመው ጥናት ታላቅ ትምህርት ይሰጣል። 696 ሕሙማን በዕጣ በሁለት ተከፈሉ። የመጀመሪያዎቹ ወዲያውኑ እግር የመታጠብ፣ ቅባት የመቀባት፣ በፋሻ የማሰርና ጫማ የማድረግ እርዳታና ትምህርት አገኙ። ሁለተኛዎቹ ያንኑ እርዳታ ከ12 ወር በኋላ አገኙ እንጂ አልተከለከሉም። በዓመቱ ውስጥ እርዳታ ያላገኙት በአማካይ በሰው 23.9 ጊዜ ግርሻ ሲነሣባቸው፣ እርዳታ ያገኙት 19.4 ጊዜ ተነሣባቸው። ልዩነቱ 4.5 ጊዜ ነው።

ይህ ቍጥር ሁለት ነገር ይነግረናል። በአንድ በኩል፣ ግርሻው አልጠፋም፤ ስለዚህ «እናድናችኋለን» ብሎ ቃል የሚገባ አገልጋይ ሕዝቡን ያሳስታል። በሌላ በኩል፣ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። አንዱ ግርሻ ሰውን ሦስት ቀን ቢያስተኛው፣ 4.5 ግርሻ መቀነሱ በዓመት ከ13 ቀን በላይ ለእርሻ፣ ለቤትና ለጸሎት መመለስ ነው። በመኸር ወቅት 13 ቀን ምን ማለት እንደሆነ ገበሬ ያውቀዋል። ለሕዝቡ ሊነገር የሚገባው ይኸው ነው፤ ሳይጨመር፣ ሳይቀነስ።

ቀጥሎ ወጪው ይሰላል። ለምሳሌ ያህል ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በላይ የሆኑ 3,000 ሰዎች ያሉበትን አንድ ቀበሌ እናስብ። የደምበጫው ጥናት መጠን ቢሠራበት 100 ያህል ሕሙማን ይገኛሉ። አንድ ሰው በወር ሁለት ሳሙና ቢፈልግ በዓመት 2,400 ሳሙና፣ በዓመት ሁለት ጥንድ ጫማ ቢፈልግ 200 ጥንድ ጫማ ያስፈልጋል። ቫዝሊን፣ ፋሻና ሳፋም ይጨመራል። ይህ ሁሉ በገንዘብ ይተመናል።

በገንዘብ የማይተመን ወጪም አለ፤ እርሱም ውሃ ነው። አንድ ሰው እግሩን ለመታጠብ በቀን አምስት ሊትር ቢያስፈልገው በወር 150 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሰባት ተኩል ነው። ይህን ውሃ ከምንጭ የሚያመጣው ማን ነው? በአብዛኛው ሚስቲቱ ወይም ልጃገረዲቱ ናት። እንግዲህ ከእርስዋ ጋር ሳይመካከር የተጻፈ ዕቅድ የሌላውን ሰው ጕልበት ሳይጠይቅ መድቧል ማለት ነው። ምንጩ የአንድ ሰዓት መንገድ ከሆነ ምናልባት የመጀመሪያው ሥራ ሳሙና መግዛት ሳይሆን ምንጭ ማጐልበት ይሆናል።

ዕቅዱ የዓመቱንም ወቅት ይመልከት። በክረምት አፈሩ ይረጥባል፤ ጫማ መቋቋም የሚገባውም ያን ጊዜ ነው። በመራዊ አካባቢ ደግሞ 7,000 ሄክታር ያህል እንዲያለማ የተሠራው የቆጋ መስኖ ስላለ፣ ባለ መስኖው ገበሬ በበጋም በጭቃ ውስጥ ይቆማል። ስለዚህ ለቡሬ ገበሬ የተዘጋጀ መርሐ ግብር እንዳለ ለመራዊው አይሆንም። ወቅትን መዘንጋት ምን ያህል እንደሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ1958 የተነሣው የወባ ወረርሽኝ አሳይቷል፤ ያን ጊዜ በኢትዮጵያ ደጋማ ስፍራዎች 3 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ታመው 150,000 ያህል ሞተዋል። ዝግጅት ከዝናቡ ይቅደም የሚባለው ለዚህ ነው።

5. ሦስተኛው እርምጃ፤ ማድረግ

ሀ) ሥራን ማከፋፈል። ሙሴ ሕዝቡን ብቻውን ሲዳኝ ውሎ በደከመ ጊዜ አማቱ ዮቶር ታማኝ ሰዎችን መርጦ በየሺሁ፣ በየመቶው፣ በየአምሳውና በየአሥሩ እንዲሾም መክሮታል (ዘጸ. 18፡13-26)። ቆሞሱ ወይም አንዲት እኅት ብቻቸውን የሚሸከሙት ሥራ እነርሱ ሲዛወሩ ይሞታል። ስለዚህ ለየጎጡ ተጠሪ ይመረጥ፤ ከተጠሪዎቹም መካከል ሕሙማን ይኑሩበት። እግሩን በመታጠብ ሕመሙ የቀለለለት ጎረቤት ከማንኛውም ሰባኪ በላይ ይታመናል።

ለ) ከመንግሥት የጤና አገልግሎት ጋር መተባበር። ሕክምናውን የሚያሳዩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ናቸው። የሕክምናው መሠረት ቀላል ነው፦ እግርን በውሃና በሳሙና በጣቶች መካከል ሳይቀር ማጠብ፣ በውሃ በተበረዘ በረኪና መዘፍዘፍ፣ በንጹሕ ጨርቅ ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ ሲቀመጡና ሲተኙ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ። ሆኖም የበረኪናው መጠንና የፋሻው አስተሳሰር በባለሙያ መታየት አለበት። ቍስል፣ ትኩሳት ወይም በአንድ እግር ብቻ የተነሣ ያልተለመደ እብጠት ያለበት ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ።

ሐ) ያለ አድልዎ ማገልገል። የባሕር ዳር–ደሴ ሀገረ ስብከት እ.ኤ.አ. በ2015 የተቋቋመ ነው፤ በጎጃም ያለን ካቶሊካውያንም በቍጥር ጥቂት ነን። ጎረቤታችን በአብዛኛው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ነው። ር.ሊ.ጳ. ቤኔዲክቶስ 16ኛ እ.ኤ.አ. በ2005 «እግዚአብሔር ፍቅር ነው» በተሰኘው መልእክታቸው የፍቅር ሥራ ሰውን ወደ ራስ ወገን መሳቢያ ሊሆን እንደማይገባ አስተምረዋል። ሳሙና ስንሰጥ የምንጠይቀው እግሩን እንጂ ማዕተቡን አይደለም። እንዲያውም የአጥቢያው ካህንና የሰንበቴው ሙሴ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በምክክሩ ቢገኙ፣ «እርግማን አይደለም» የሚለው ቃል ከእነርሱ አፍ ሲወጣ ኃይሉ ይበረታል።

መ) የሕዝቡን አቅም ማስቀደም። እ.ኤ.አ. በ2004 በአማራ ክልል ዓይነ ማዝን ለመከላከል በተደረገው ዘመቻ 10,000 የመጸዳጃ ጕድጓድ ለማስቈፈር ታቅዶ፣ ከ80,000 በላይ ተቈፍሯል። ምክንያቱ ምንድን ነው? መጸዳጃው በአካባቢው እንጨት፣ ጭቃና ሣር የሚሠራ ስለሆነ የሲሚንቶ መምጣት አላስጠበቀም። ከዚያም በላይ ሥራውን የገፉት ሴቶች ነበሩ፤ ቀኑን ሙሉ ጨለማ እስኪሆን ድረስ ችለው የሚጠብቁት እነርሱ ነበሩና። ዕቅድ አውጪዎች ስለ ዓይን ሲያስቡ፣ እናቶች ስለ ክብራቸው አሰቡ፤ ሁለቱም በአንድ ጕድጓድ ተገናኙ። ከዚህ የምንማረው፣ ሕዝቡ ራሱ የሚፈልገውን ምክንያት ያገኘ ሥራ ከዕቅዱ አልፎ እንደሚሄድ ነው።

6. መከታተልና መገምገም

ክትትል በየወሩ የሚደረግ ነው፤ ግምገማ በዓመቱ ወይም በሥራው ፍጻሜ። በክትትል ጊዜ የተሰጠውን ብቻ መቍጠር አይበቃም። «200 ጫማ ታደለ» የሚለው ዘገባ የእኛን ድካም ይናገራል፤ «በማክሰኞ ጠዋት እርሻ ላይ ከታዩት ሕሙማን ስንቱ ጫማ አድርገው ነበር?» የሚለው ጥያቄ ግን የሥራውን ፍሬ ያሳያል። የታደለው ጫማ በዘመድ እግር ወይም በገበያ ቢገኝ መቈጣት አይገባም፤ ለምን እንደ ተሸጠ መጠየቅ ይገባል። ምናልባት ላበጠው እግር ልኩ አልሆነም፤ ሰፊ ጫማ የሚሰፋ ሰው ያስፈልጋል ማለት ነው።

ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ አንድ ቀላል መዝገብ ይያዝ፦ በወሩ ስንት ጊዜ ግርሻ ተነሣበት? ስንት ቀን ተኛ? በዚህ ወር ወደ ገበያ፣ ወደ እድር፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዷል? የመጨረሻው ጥያቄ ከሕክምና ውጭ ይመስላል፤ ነገር ግን ሰውየው ወደ ማኅበሩ መመለሱን የሚያሳየን እርሱ ነው። የገንዘቡም ሒሳብ በሕዝብ ፊት ይነበብ። ሒሳብ የተነበበለት ሕዝብ በሚቀጥለው ዓመት የራሱን ድርሻ ያዋጣል።

7. ሥራውን ለባለቤቱ ማስረከብ

ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 11ኛ እ.ኤ.አ. በ1931 ያስተማሩት አንድ መሠረታዊ ሥርዓት አለ፦ ታናሹ ማኅበር ራሱ ሊፈጽመው የሚችለውን ሥራ ታላቁ ሊነጥቀው አይገባም፤ ሊያግዘው ግን ይገባል። ቤተሰብ የሚችለውን እድር አይውሰድበት፤ እድር የሚችለውን ቁምስና፣ ቁምስና የሚችለውን ሀገረ ስብከት፣ እኛ የምንችለውን ደግሞ የውጭ ለጋሽ አይውሰድብን። በነህምያ ዘመን ቅጥሩ ሲሠራ ብዙዎቹ እያንዳንዳቸው በየቤታቸው ፊት ለፊት ያለውን ሠርተዋል (ነህ. 3)። የራሱን ቤት የሚጠብቅለትን ቅጥር ማንም በግዴለሽነት አይሠራም።

ይህ ሥርዓት በክልላችን እ.ኤ.አ. በ2023 ግጭት ከተነሣ ወዲህ ዋጋው ይበልጥ ታይቷል። መራዊ ራሷ በጥር 2016 ዓ.ም. ብዙ ሰላማውያን ሰዎች የተገደሉባት ከተማ ናት። መንገድ ሲዘጋ ከሩቅ የሚመጣ ፋሻና መድኃኒት ይቀራል፤ ባለሙያ መንደር መግባት ይሳነዋል። በዚህ ጊዜ የሚቀጥለው በቤት ውስጥ የገባው ብቻ ነው፦ እግር መታጠብን የተማረች ሴት፣ ለጎረቤቱ ጫማ የሚሰፋ ሰው፣ ለሳሙና የተዋጣ የእድር ገንዘብ። ስለሆነም ዕቅድ ሲወጣ «ነገ ከውጭ ምንም ባይመጣ ከዚህ ሥራ ምን ይቀራል?» የሚለው ጥያቄ ከመጀመሪያው ቀን ይጠየቅ። መልሱ «ምንም» ከሆነ ዕቅዱ እንደገና ይጻፍ።

ማጠቃለያ

የማኅበረሰብ ተራድኦ ሥራ በማየት ይጀመራል፤ በማመዛዘን ይበስላል፤ በልክ በተወሰነ ዓላማና በተሰላ ወጪ ይጸናል፤ በሕዝቡ እጅ ይፈጸማል፤ በእውነተኛ ቍጥር ይመዘናል፤ ለባለቤቱም ይረከባል። ከእነዚህ አንዱን የዘለለ ማኅበር የደከመበትን ያህል አያገኝም። ይህን ሥርዓት የጠበቀ ግን ብዙ ገንዘብ ባይኖረው እንኳ፣ በባዶ እግሩ ያረሰ አባት ልጁን ጫማ አድርጋ ትምህርት ቤት ስትሄድ ለማየት ይበቃ ዘንድ ሊረዳው ይችላል።

ለየማኅበሩ የመወያያ ጥያቄዎች

1) በአጥቢያችን በሕመም ወይም በኀፍረት ምክንያት ወደ ስብሰባም ወደ ቅዳሴም የማይመጡ ሰዎች እነማን ናቸው? ማን ሄዶ ይጠይቃቸው?

2) ከዚህ ቀደም ከጀመርናቸው ሥራዎች አንዱን ውሰዱ። ሳይፈጸም የቀረ ከሆነ የጐደለው ከላይ ከተዘረዘሩት እርምጃዎች የትኛው ነበር?

3) አሁን ያሰባችሁትን ሥራ ዓላማ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። በዓመቱ መጨረሻ መፈጸሙን በምን ታውቃላችሁ?

4) ለሥራው የሚያስፈልገውን ጕልበት የሚሰጠው ማን ነው? ውሃውን የምትቀዳው እናት ወይም ልጅ በምክክሩ ላይ ነበረችን?

5) በአካባቢያችሁ ካሉት የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አጥቢያ፣ እድር፣ ጤና ኬላና ትምህርት ቤት ጋር በምን በምን ልትተባበሩ ትችላላችሁ?

ማኅበራት በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ከተወያዩ በኋላ ውሳኔያቸውን በጽሑፍ አድርገው ለቁምስናቸው ካህን ቢያቀርቡ፣ ለሚቀጥለው ሩብ ዓመት ሥራ መነሻ ይሆናል። የእጃችንን ሥራ እግዚአብሔር ያቅናልን።